ጋምቤላ፦ የባሮ ወንዝ ከተማ ታሪክና ለትምህርት ያለው ጥቅም

በኢትዮጵያ የታሪክ ትምህርት ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ከተሞች አብዛኛዎቹ በደጋ የተቆረቆሩ ናቸው። አንዳንዶቹ በነገሥታት መናገሻነት፣ አንዳንዶቹ በደብርና በገዳም አጥቢያ፣ ሌሎቹም በሲራራ ነጋዴ መንገድ መገናኛ ላይ አድገዋል። አክሱምም፣ ላሊበላም፣ ጎንደርም፣ ሐረርም በዚህ ረገድ በቂ ተጽፎላቸዋል። በቆላ ምድር፣ በወንዝ ዳር፣ በመርከብ ንግድ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ግን በአገሪቱ ታሪክ እምብዛም አትገኝም። ጋምቤላ ከነዚህ ጥቂቶች አንዷ ናት።

ጋምቤላ ታላቅ ከተማ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የነዋሪዎችዋ ብዛት 39,022 ነበር። ይሁን እንጂ በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወደ ውጭ ዓለም የሚወጣባት፣ ጨውና ጨርቅ የሚገባባት በር ሆና ኖራለች። ይህ በር እንዴት እንደተከፈተ፣ በምን ሁኔታ እንደሠራና ለምን እንደተዘጋ መመርመር፣ ለታሪክና ለጂኦግራፊ መምህራን እንዲሁም የከተሞችን ዕድገት ለሚያቅዱ ባለሙያዎች ብዙ ቁም ነገር ያስገኛል። በተለይም የአንዲት ከተማ ታሪክ ከየት ይጀምራል የሚለውን ጥያቄ ጋምቤላ ግልጽ አድርጋ ታሳያለች።

ወንዙና አገሩ

የጋምቤላን ታሪክ ለመረዳት አስቀድሞ የባሮን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሮ የሚመሠረተው በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ውስጥ የብርብርና የገባ ወንዞች ሲገናኙ ነው። ከዚያም በጠባብ ሸለቆና በቋጥኝ መካከል እየተወረወረ ወደ ቆላው ይወርዳል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ጋምቤላ ግን ያለችው በ500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአጭር ርቀት ውስጥ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ሜትር የሚያህል ቁልቁለት መኖሩ የወንዙን የላይኛውን ክፍል ለመርከብ የማይሆን አድርጎታል።

ከጋምቤላ ወዲያ ግን ምድሩ ይለጥጣል፤ ውሃውም ይረጋጋል። ባሮ በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ምዕራብ ይጓዝና ከፒቦር ጋር ከተገናኘ በኋላ ሶባት ተብሎ በማላካል አቅራቢያ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ማላካልን አልፎ ወደ ሰሜን ከሚወርደው የነጭ ዓባይ ውሃ ግማሽ የሚያህለው በሶባት በኩል የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጋምቤላ የቆመችው ሁለት የጉዞ ዓይነቶች በሚለዋወጡበት ትክክለኛ ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የበቅሎና የሰው ትከሻ፣ ከዚያ በታች የመርከብ መንገድ ነበር።

ይህ መንገድ ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት አልነበረም። ታላላቅ መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ሊወጡ የሚችሉት በደጋው የዘነበው ዝናም ወንዙን በሚሞላበት ወራት፣ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነበር። በበጋ ወራት የውሃው ጥልቀት ይቀንሳል፤ አሸዋውም ይገለጣል። በአንጻሩ ደግሞ ክረምት በደጋው መንገድ የሚጨቀይበት፣ ወንዞች ሞልተው ነጋዴን የሚያግዱበት ወቅት ነው። የመርከቡ ወቅትና የበቅሎው ወቅት አለመገጣጠማቸው ለጋምቤላ ንግድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋና ችግር ሆኖ ቆይቷል። ነጋዴው ቡናውን በበጋ አውርዶ በመጋዘን አስቀምጦ የወንዙን መሙላት መጠበቅ ነበረበት።

ከውሉ በፊት የነበረው ኑሮ

በብዙ ጽሑፎች የጋምቤላ ታሪክ የሚጀምረው የንግድ ጣቢያው ከተቋቋመበት ጊዜ ነው። ባሮ ግን መርከብ ሳያይ ሰው የኖረበት ወንዝ ነው። አኙዋዎች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ዳርቻዎች መንደሮቻቸውን መሥርተው በእርሻና በዓሣ ማስገር ይኖሩ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በዳርቻው ላይ የሚቀረው እርጥብ ደለል ለበቆሎና ለማሽላ የተመቸ በመሆኑ፣ የዝናሙን እርሻ ካነሡ በኋላ በደለሉ ላይ ሁለተኛ ዘር ይዘራሉ። በመርከቡ ነጋዴ ዘንድ የበጋው የውሃ መቀነስ የሥራ መቆሚያ ሲሆን፣ ለአኙዋ ገበሬ ግን የሁለተኛው እርሻ መጀመሪያ ነው።

በየመንደሩ ኳሮ የሚባል አለቃ ነበር። በአንዳንድ አካባቢም በዘር የሚተላለፍ ክብር ያላቸው መኳንንት ነበሩ። በነዚህ መኳንንት ዘንድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉ የዶቃ ሐብሎች የሥልጣን ምልክት ሆነው ይከበሩ ነበር። ኑዌሮች ደግሞ ከብት አርቢዎች ሲሆኑ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወደ ምሥራቅ እየገፉ መጥተው በባሮ ታችኛው ክፍል ሰፍረዋል። በክረምት ከጎርፉ ሸሽተው በከፍታ ቦታ ይቀመጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ስለዚህ ባሮ ለሁለቱም ሕዝቦች የኑሮ መካከል እንጂ የአገር ዳርቻ አልነበረም። ይህ ነጥብ ኋላ በወሰን አከላለል ጊዜ ያስከተለውን ችግር ለመረዳት የሚረዳ ነው።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወንዙ በኃያላን መንግሥታት ዓይን ውስጥ ገባ። ፈረንሳይ ከምዕራብ፣ እንግሊዝ ከሰሜን ወደ ነጭ ዓባይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም የግዛታቸውን ምዕራባዊ ዳርቻ ለማስከበር በኢሉባቦር ገዢ በደጃዝማች ተሰማ ናደው የሚመራ ጦር ላኩ። በሰኔ ወር 1890 ዓ.ም. የዚህ ጦር አንድ ክፍል ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር እስከሚገናኝበት ሥፍራ ደረሰ። ከጦሩ ጋር ፈረንሳውያንና የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ይገኙ ነበር። ይሁን እንጂ የቆላው ሙቀትና የወባው ንዳድ ጦሩን ስለጎዳው በሥፍራው ሊቆይ አልቻለም። በሻምበል ማርሻን የሚመራው የፈረንሳይ ጓድ ፋሾዳ የደረሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በሐምሌ 1890 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ በእንግሊዝ ግፊት ፋሾዳን በለቀቀች ጊዜም ማርሻን የመረጠው የመመለሻ መንገድ በሶባትና በባሮ ነበር። ፌደርብ የተባለችውን ትንሽ መርከቡን ውሃው እስከፈቀደለት ድረስ ካስወጣ በኋላ ትቷት፣ በእግሩ ወደ ደጋው ወጥቶ በጎሬና በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅቡቲ አመራ። የመርከቡ መንገድ የት ላይ እንደሚያበቃ በዚህ ጉዞ በተግባር ታየ።

የ1894 ዓ.ም. ውል

የጋምቤላን ዕድል የወሰነው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ነው። ውሉን በኢትዮጵያ በኩል ዳግማዊ ምኒልክ፣ በእንግሊዝ በኩል ሌተናል ኮሎኔል ጆን ሌን ሃሪንግተን ተፈራርመውበታል። የውሉ ዋና ጉዳይ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን መለየት ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ የሚመለከት ሲሆን፣ አራተኛው አንቀጽ የጋምቤላን ንግድ ጣቢያ የፈጠረ ነው።

በአራተኛው አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። መሬቱ ለንግድ ጣቢያነት ብቻ እንዲያገለግል፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተወሰነ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ ነው ተባለ።

የነዚህ ቃላት ትርጉም በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አራት መቶ ሄክታር ማለት አራት ሚሊዮን ካሬ ሜትር ነው። የወንዙ ዳርቻ ሁለት ሺሕ ሜትር ከሆነ፣ መሬቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ሌላ ሁለት ሺሕ ሜትር ነው። እንግዲህ የሁለት መንግሥታት ንግድ እንዲያልፍበት የታቀደው ሥፍራ ጎንና ጎኑ ሁለት ኪሎ ሜትር የሆነ፣ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ሊያቋርጠው የሚችለው ካሬ መሬት ነበር። ጊዜውም ቢሆን በዓመት አልተቆጠረም፤ በሱዳን የመንግሥት ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ይህች የመጨረሻ ሐረግ ከአምሳ ዓመት በኋላ የከተማዋን አቅጣጫ ለወጠች።

ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም ጣቢያው የተቋቋመው ከዚያ በላይ በጋምቤላ ነው። ቦታው ለደጋው ግርጌ የቀረበ በመሆኑ ለበቅሎ ነጋዴው የቆላውን ጉዞ የሚያሳጥር ነበር። ንግዱ እ.ኤ.አ. በ1904 የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ተቋቋሙ።

በዚያው ውል የተወሰነው የወሰን መሥመር በአካባቢው የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች ተከተለ። ለካርታ ሠሪ ወንዝ ለመለየት የሚመች ምልክት ነው፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ለሚኖሩት አኙዋዎችና ኑዌሮች ግን መሥመሩ ወገንን ከወገን፣ የክረምቱን መንደር ከበጋው ግጦሽ የሚለይ ሆነ። በዚሁ ዘመን ጠመንጃ በብዛት ወደ አኙዋ ምድር መግባቱ የአለቆቹን ኃይል አጠነከረ። በ1904 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት በአኙዋዎች ላይ ባዘመተው ጦርና በነሱ መካከል ከባድ ውጊያ ተደርጎ ከሁለቱም ወገን ሰው አለቀ። በኢትዮጵያም በኩል ግብርና ሥርዓት ለማስከበር የተላኩ ጦሮች ብርቱ መከላከል ገጥሟቸዋል። የንግዱ በር የተከፈተው በሰላማዊና ባዶ ምድር ላይ እንዳልነበረ ተማሪው ሊያውቀው ይገባል።

የንግዱ አሠራር

የጋምቤላ ንግድ መሠረቱ ቡና ነበር። በኢሉባቦርና በቄለም ጫካዎች የሚበቅለው ቡና ከየገበያው ተሰብስቦ ወደ ጎሬ፣ ወደ ቡሬና ወደ ሰዮ፣ ይኸውም ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ይመጣል። ከነዚህ የደጋ ገበያዎች ወደ ጋምቤላ የሚወርደው በአጋሰስ፣ በበቅሎና በሰው ሸክም ነበር። ቆላው የገንዲ በሽታ ያለበት በመሆኑ ለጭነት ከብት አደገኛ ነው፤ የደጋው ነጋዴም የወባውን ንዳድ ስለሚፈራ ጭነቱን አራግፎ ፈጥኖ ለመመለስ ይቸኩላል። ከቡናው ጋር ሰምና ቆዳ ይወጣል። በምትኩ ጨው፣ አቡጀዲና ሌላም የፋብሪካ ዕቃ ይገባል። ጨው ለምዕራቡ ደጋ ሕዝብ ከሩቅ የሚመጣና ውድ ዕቃ ስለነበረ፣ በወንዝ መምጣቱ ትልቅ ለውጥ ነበር። በከተማዋ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ከፍተው ከደጋው ነጋዴ ጋር ይገበያዩ ነበር።

መርከቦቹን የሚያንቀሳቅሰው የሱዳን ምድር ባቡር ድርጅት ነው። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም ያለው የውሃ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ መርከቦች በዝናሙ ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይጓዙ ነበር፤ ወደ ታች ለመውረድ ሰባት ቀን፣ ወደ ላይ ለመውጣት ዐሥራ አንድ ቀን ይፈጅባቸዋል። ይህ ማለት መርከቡ ሲወርድ በቀን በአማካይ 195 ኪሎ ሜትር፣ ሲወጣ ግን 124 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። የክረምቱ ወራት አምስት ቢባሉ፣ የዓመቱ ንግድ በሙሉ የሚያልፈው በዐሥር ገደማ ጉዞዎች ብቻ ነበር። አንድ መርከብ ቢዘገይ ወይም ወንዙ ቀድሞ ቢጎድል የቀረው ቡና እስከሚቀጥለው ክረምት በመጋዘን ይቆያል። ለዚህ ነው የንግዱ ትርፍ ገንዘብ ኖሮት መጠበቅ ለሚችለው ባለመጋዘን እንጂ ቡናውን ለለቀመው ገበሬ የማያደላው።

የዚህ ንግድ ብርቱ ተወዳዳሪ በምሥራቅ በኩል የመጣው የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን ለኢሉባቦርና ለቄለም ነጋዴ ዋና ከተማው ገና በብዙ ቀን የበቅሎ ጉዞ የሚርቅ ስለነበረ ጋምቤላ ቦታዋን አልለቀቀችም። ባሕሩ ዘውዴ የጋምቤላን ንግድ በመረመሩበት ጽሑፋቸው ከ1904 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ለይተው ማጥናታቸው፣ ይህ ወቅት ራሱን የቻለ የንግድ ታሪክ ምዕራፍ እንደሆነ ያመለክታል።

የጦርነት ዓመታት

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ጎሬ ለጥቂት ወራት የነጻው መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ልዑል ራስ እምሩ በዚያ ተሰባስበው መከላከሉን ለመቀጠል ሞከሩ። በዚህ ጊዜ ጎሬን ከውጭ ዓለም ጋር የሚያገናኘው የቀረበ በር ጋምቤላና ባሮ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ግን ጎሬም ተያዘች፤ ምዕራቡም በጠላት እጅ ወደቀ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጦሩ የተመለሰው በዚያው በወንዙ በኩል ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከሱዳን የገባው የእንግሊዝና የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ጋምቤላን ያዘ። ከዚያም የኮንጎ ወታደሮች ቁልቁለቱን ወደ ላይ ተዋግተው በሰኔ ወር መጨረሻ በሰዮ የነበረውን የጄኔራል ጋዜራን ጦር እጅ አሰጡ። በነዚሁ ዓመታት በአኙዋዎች ላይ ባደረገው ጥናት የታወቀው እንግሊዛዊው ምሁር ኢቫንስ ፕሪቻርድ የአኙዋ ተዋጊዎችን አሰልፎ በጊሎ አካባቢ ኢጣልያንን ወግቷል። ስለዚህ የምዕራቡ ነጻ መውጣት ታሪክ ሲነገር የደጋው አርበኛ፣ የአኙዋው ተዋጊና ከኮንጎ የመጣው አፍሪካዊ ወታደር አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

የውሉ ፍጻሜና የወደቡ መድከም

ከጦርነቱ በኋላ ጣቢያው እንደገና በሱዳን መንግሥት አስተዳደር ሥር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻነቷን ስታውጅ ግን በውሉ ውስጥ የተጻፈው ቀን መጣ። ሱዳን ከእንግሊዝና ከግብጽ አስተዳደር በመውጣቷ የኪራዩ ምክንያት በራሱ ቃል አበቃ። በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። ከውሉ መፈረም አንሥቶ ሲቆጠር አምሳ አራት ዓመት ገደማ ነበር።

የመሬቱ መመለስ የአገርን መብት የሚያስከብር መልካም ፍጻሜ ነው። ነገር ግን የከተማዋ ንግድ ከዚያ በኋላ አላደገም፤ እየቀነሰ ሄደ። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው የመንገድ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማና ወደ ነቀምቴ የተዘረጉት የመኪና መንገዶች እየረዘሙ ወደ ምዕራብ በሄዱ ቁጥር፣ የጎሬና የደምቢ ዶሎ ቡና በመኪና ተጭኖ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ጀመረ። የጭነት መኪና ደግሞ የወንዙን መሙላት አይጠብቅም። ሁለተኛው የሰላም መደፍረስ ነው። በደቡብ ሱዳን ከ1955 እስከ 1972፣ ቀጥሎም ከ1983 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተካሄዱት ጦርነቶች መርከቡ የሚያልፍባቸውን አካባቢዎች የጦር ሜዳ አደረጓቸው። ሦስተኛው መርከቦቹም ሆኑ ድርጅቱ የኢትዮጵያ አለመሆናቸው ነው። ወደቡ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ቢሆንም ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያና ሙያ ከካርቱም የሚመጣ ነበር። የጀልባ ጥገናም ሆነ የወንዝ መሪነት ሙያ በከተማዋ ሥር አልሰደደም።

ጋምቤላ ግን አልጠፋችም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋምቤላ ክልል ሲሆን የክልሉ መቀመጫ ሆናለች፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ሐኪም ቤቶች ተስፋፍተውባታል። ከደቡብ ሱዳን በጦርነት ምክንያት የተሰደዱ ሰዎችም በየጊዜው በክልሉ ተጠልለዋል። በወንዙ ንግድ የተፈጠረችው ከተማ ዛሬ የምትኖረው በአስተዳደርና በመንገድ ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ትምህርት የሚመለከተው የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያውን ነው። ስለ ጋምቤላ አንድ አንቀጽ ሲጻፍ በተለምዶ የሚጀምረው በ1894 ዓ.ም. ውል ነው። ይህ አጀማመር ለከተማዋ ልጅ የአገሩ ታሪክ የሌሎች ሰዎች ፊርማ እንደሆነ ያስተምረዋል። ወንዙ የሚመላለስበት ወቅት፣ የደለሉ እርሻ፣ የኳሮው ሥርዓት፣ የኑዌር ከብት አረባብ ከውሉ በፊት መምጣት ያለባቸው ለማስደሰት ተብሎ ሳይሆን፣ ቀድመው የነበሩ በመሆናቸው ነው። በአንጻሩ የደጋውን ነጋዴና የጭነት ተሸካሚውን ድርሻ መርሳትም ታሪኩን ያጎድለዋል። ከተማዋን ያሠሯት ወንዙም ቁልቁለቱም ናቸው።

ሁለተኛው የማስተማር ዘዴን ይመለከታል። የጋምቤላ ታሪክ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ትምህርቶችን ለማገናኘት ያመቻል። የሒሳብ መምህሩ የመርከቡን ፍጥነት ሲወርድና ሲወጣ አስልተው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ተማሪዎችን ሊጠይቁ ይችላሉ። የጂኦግራፊው መምህር የከፍታውን ልዩነት በሥዕል፣ የወንዙን መሙላትና መጉደል በሠንጠረዥ ሊያሳዩ ይችላሉ። የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ ደግሞ የውሉን አራተኛ አንቀጽ አንብበው፣ አንዲት ሐረግ እንዴት የከተማን ዕድል እንደምትወስን ሊያወያዩ ይችላሉ። ሌላ ወንዝና ሌላ ገበያ ያለበት ትምህርት ቤትም ይህን አርአያ አድርጎ የራሱን አካባቢ ሊመረምር ይችላል።

ሦስተኛው ለዕቅድ አውጪው ነው። የጋምቤላን የውሃ ንግድ እንደገና ለማስነሣት የሚቀርብ ሐሳብ ሁሉ ሦስቱን የመድከም ምክንያቶች መመለስ አለበት። በበጋ የሚጎድለውን ወንዝ እንዴት ይደረጋል? ከሐምሌ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነጻ አገር ከሆነችው ከደቡብ ሱዳን ጋር በወንዙ ላይ ያለው ሰላምና ስምምነት ምን ይሆናል? የመርከቡን ሥራ የሚያውቁ የአገር ልጆችስ የት ይሠለጥናሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የድሮውን ወደብ ማስታወስ ብቻውን ዕቅድ አይሆንም። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዕቃና በአንድ ውል ላይ የቆመ ከተማ ከሦስቱ አንዱ ሲናጋ አብሮ እንደሚናጋ ጋምቤላ አስተምራለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር በተመለሰችበት ጊዜ የዐሥራ አምስት ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። የመርከቡን ፉጨት የሰሙ፣ ቡና በትከሻቸው ያወረዱ፣ በመጋዘን የመዘኑ፣ በዳርቻው ዓሣ ለመርከበኛ የሸጡ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነው። የነሱን ቃል በአኙዋኛ፣ በኑዌርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ መዝግቦ በትምህርት ቤቶች ማኖር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ደብተር፣ ታማኝ ጸሐፊና ለሽማግሌ ጆሮ የሚሰጥ ተማሪ ይበቃዋል። በካርቱምና በለንደን መዛግብት ውስጥ የውሉና የጭነቱ ወረቀት ተቀምጧል። የወንዙ ዳር ሰው ትዝታ ግን የተቀመጠው በሰዎቹ ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ የአካባቢው መምህራን በተማሪዎቻቸው አማካይነት ሥራውን ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ሳያሳልፉ ቢጀምሩት ይገባል።